ለየትኛው እንግዳ?

ጤና ይስጥልኝ። አምድዎን ዘወትር አነባለሁ። ዛሬ የጻፍኩት ግን ስለታከተኝ ነው።

ከመሬት በታች ያለውን ምድር ቤታችንን የእንግዳ መኝታ ልናደርገው ተስማምተን ነበር፤ የራሱ ሻወርና መጸዳጃ ያለው። ይኸው ከረመ፣ አንድም ነገር አልተሠራም። ባለቤቴ ዛሬ የወሰነውን ነገ ያፈርሳል። መጀመሪያ ሻወሩ ከደረጃው ሥር ይሁን አለ። የቧንቧ ሠራተኛው መጥቶ ለክቶ ሄደ። ከዚያ «አይ፣ በወዲያኛው ጥግ ይሻላል» አለ። ሴራሚክ አብረን መርጠን ስንመለስ መንገድ ላይ ሐሳቡን ቀየረ። ስለ ቁም ሳጥኑ ሳነሳበት ስልኩን ይጎረጉራል። ሠራተኛው አሁን ስደውልለት አያነሳም። እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላነሳም።

እኔ ግን እጄን አጣጥፌ አልተቀመጥኩም። ግድግዳውን ራሴ ቀባሁት። ከታች በኩል ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ወጥቶ ቀለሙን ላጠው እንጂ አምሮ ነበር። ሽታም አለ፣ ግን ዝናብ ሲጥል ብቻ ነው። መስኮቷ ከኮርኒሱ ሥር ያለች ጠባብ ናት፤ መጋረጃ ይሸፍናታል።

ሰው ቤቱን እንዲህ ነው እንዴ የሚያሠራው? እህቱም ከሱ ብሳ «ምን አስቸኮላችሁ» ትለኛለች። የሚያስቸኩለኝማ አለ። አማቴ የሚኖሩት እኛ ጋ ነው፤ ከመኝታ ቤታችን አጠገብ ያለው ክፍል የሳቸው ነው። ልጆቹ እያደጉ ስለሆነ ክፍሉ ያስፈልገናል። ታች ሲያልቅ እሳቸው ቢወርዱ ለሁላችንም ይበጃል፤ የራሳቸው ሻወር ይኖራቸዋል። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ደህና ናቸው። እስካሁን አልነገርናቸውም። ሳይከፋቸው እንዴት አድርጌ ልንገራቸው?

ትዕግሥቴ ያለቀ

*

እህቴ፣

ሻወሩ የትም ይሁን። እኔን ያስደነገጠኝ ጉልበታቸው ነው።

«ትንሽ» ያማቸዋል አልሽ። ሌሊት እሳት ቢነሳና ደረጃው በጭስ ቢሞላ ያ ጉልበት በምን ይወጣል? ከዚያ ክፍል ሌላ መውጫ የለም። መጋረጃ ልትጋርጂባት ያሰብሻት መስኮት እኮ ሁለተኛዋ በር መሆን ነበረባት።

በብዙ ቦታ የሚሠራበት ዓለም አቀፉ የመኖሪያ ቤቶች ኮድ ምድር ቤት ውስጥ ያለ መኝታ ክፍል በቀጥታ ወደ ውጭ የሚያስወጣ መስኮት ወይም በር እንዲኖረው ያስገድዳል። መስኮቱ ሲከፈት ሰው የሚያልፍበት ክፍተት በጠቅላላው 0.53 ካሬ ሜትር፣ ወርዱ 51 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቱ 61 ሳንቲ ሜትር፣ ከዚያ ያላነሰ መሆን አለበት። የታችኛው ጠርዝ ደግሞ ከወለሉ ከ112 ሳንቲ ሜትር በላይ ከፍ አይበል። ታዲያ 51 በ61 አሠርተሽ ጨረስኩ እንዳትዪ። እሱ 0.31 ካሬ ሜትር ብቻ ነው። አንዱ ጎን ጠባብ ከሆነ ሌላው መጨመር አለበት። የአካባቢሽ ደንብ ከዚህ ሊለይ ስለሚችል ፈቃድ ሰጪውን ክፍል ጠይቂ። መስኮት ማስፋት ደግሞ ቤቱን የተሸከመ ግድግዳ መቁረጥ ነውና መሐንዲስ ሳያየው መዶሻ እንዳይነካው።

ያ ነጭ ዱቄት ጨው ነው። ውሃ በግድግዳው ውስጥ አልፎ ሲመጣ ጨው አሟሙቶ ይወጣል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ከውስጥ ቀለም ደራርበሽ አታቆሚውም። ጂፕሰም ብትለጥፊበት ደግሞ ሻጋታው ከጀርባው ይራባል፣ አንቺ የምታውቂው ክፍሉ ውስጥ የተኛ ሰው ማሳል ሲጀምር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ዝናብ ሲዘንብ ወደ ውጭ ውጪና ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ የት እንደሚሄድ እዪ። ግድግዳው ሥር ከተኛ ጥፋቱን አገኘሽው። መሬቱ ከቤቱ እየራቀ ሲሄድ በመጀመሪያው 3 ሜትር ውስጥ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። ወለሉንም ፈትሺው። በአራቱም ጎን 45 ሳንቲ ሜትር የሆነ ፕላስቲክ አንጥፈሽ ዳር ዳሩን በፕላስተር አሽጊውና ቢያንስ 16 ሰዓት ተዪው። ስትገልጪው ከሥሩ ላብ ካለ ወይም ኮንክሪቱ ከጠቆረ እርጥበት ከታች እየመጣ ነው። ሴራሚክ መምረጥ ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

የቧንቧ ሠራተኛውንም ይቅርታ ብለሽ መልሺው። ዋናው የፍሳሽ መስመር ከወለሉ በላይ ከሆነ ፍሳሹን ወደ ላይ የሚገፋ ፓምፕ ያስፈልጋል። የሻወሩን ቦታ የሚወስነው እሱ ነው እንጂ የባልሽ ምርጫ አይደለም።

ስለ ባልሽ ግን አላዝንልሽም። እኔ እንደሚመስለኝ ሰውዬው ሴራሚክ መምረጥ አላቃተውም። እናቱን ታች ማውረድ አልዋጥለት ብሏል፣ ፊት ለፊት «አይሆንም» ማለት ደግሞ አቃተው። ስለዚህ ሻወሩን ከጥግ ጥግ ያዞረዋል። እህቱም የገባት ይመስለኛል። ዛሬ ማታ ልጆቹ ሲተኙ ስለ ሻወር አንድም ቃል ሳታነሺ ስለ እናቱ ጠይቂው። ሲመልስ አታቋርጪው።

ክፍል እንደጠበባችሁ አይጠፋኝም። በጠባብ ቤት ልጅ ማሳደግና አማት መጦር ምን እንደሚመስል የሚያውቅ አይፈርድብሽም። ግን ክፍሉ ከደረቀና መስኮቱ ከሰፋ አንቺና ባልሽ ለምን አትወርዱበትም? ጉልበታችሁ ደህና ነው፤ የራሳችሁ ሻወር ይኖራችኋል። የናንተ መኝታ ለልጆቹ ይሆናል። ልጆቹ ትንንሽ ከሆኑና ሌሊት የሚጠሩሽ ከሆነ ጥቂት ጠብቂ፣ እስከዚያ ሥራውም አያልቅም።

ያኔ ለእማማ የምትነግሪያቸው ነገር አይቸግርሽም። «እኛ ታች ልንወርድ ነው፣ ማታ ማታ ልጆቹን አደራ» በያቸው።