ለገና ሙያሽን ይዘሽ ወደ ደብረ ብርሃን ልትሄጂ ላሰብሽው እህት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ደግሜ አነበብኩት። አዲስ አበባ በሒሳብ ሙያ ስድስት ዓመት ሠርተሻል፤ ለገና ደብረ ብርሃን ወላጆችሽ ዘንድ ሄደሽ እስከ ጥምቀት ትቆያለሽ። ለአንድ የአረጋውያን መርጃ ማኅበር በየበዓሉ ዘይትና ዱቄት ስትሰጪ ኖረሽ፣ ዘንድሮ በሙያሽ ማገዝ ፈልገሻል። «በሁለት ሳምንት ምን የሚረባ ነገር መሥራት ይቻላል? ከየትስ ልጀምር?» ነው ያልሽው።

እኔም የዚያው ከተማ ልጅ ነኝ፤ ያደግሁት ጠባሴ ነው። የምሠራውም እንዳንቺ ሒሳብ ነው። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ በገና ሰሞን ለአንድ ትንሽ ማኅበር ስሠራ ቆይቻለሁና ያየሁትን ልንገርሽ። በሁለት ሳምንት ብዙ መሥራት ይቻላል፤ ማበላሸትም እንደዚያው ይቻላል። እኔ የጀመርኩት በማበላሸት ነው።

ገጠር አድገሽ እንደሆነ ጅጌ ታውቂያለሽ። ለአጨዳ የተጠራ ሰው ማጭዱን ይዞ ይመጣል፤ የሚያጭደው ግን ባለቤቱ ያሳየውን ማሳ ነው። በመጀመሪያው ዓመት እኔ ማሳውን ራሴ መረጥኩ። ማንም ሳይጠይቀኝ አንድ ያገለገለ ኮምፒውተር ገዝቼ፣ የሒሳብ ሶፍትዌር ጭኜ ሄድኩ። የማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ገቢውን በሰማያዊ፣ ወጪውን በቀይ እስክሪብቶ በካሬ ደብተር ይጽፋሉ፤ በገጹ ላይ አንድ ስርዝ አይገኝም። እኔ ግን ደብተሩን ገለጥ አድርጌ አየሁና «ይህ ከእንግዲህ ይቀራል» አልኳቸው። ሦስት ቀን አሠለጠንኳቸው፤ እሺ፣ እሺ አሉኝ። ሰው አክባሪ ስለሆኑ ነው እንጂ ገብቷቸው አልነበረም።

ለፋሲካ ስመለስ ኮምፒውተሩ በነጠላ ተሸፍኖ ቁም ሳጥን ውስጥ ተቆልፎበታል። እሱስ ባልከፋ። የከፋው፣ «ይቀራል» ስላልኳቸው ደብተሩንም አቁመውት ነበር። ከጥር እስከ ሚያዝያ የገባውና የወጣው ገንዘብ በቁርጥራጭ ወረቀትና በትዝታ ቀርቶ ቆየኝ። ለዓመታት ያልተዛነፈ መዝገብ እኔ ልረዳ መጥቼ ተቋረጠ። ዛሬም ሳስበው ያመኛል፤ ይህን ሁሉ የምጽፍልሽም አንቺ እንዳትደግሚው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ገና ኅዳር ላይ ደወልኩላቸው። «ጋሼ፣ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳዎት የትኛው ወረቀት ነው?» አልኳቸው። ጥቂት ዝም አሉና «ካርቶኑ» አሉኝ።

ካርቶኑ የሳሙና ካርቶን ነበር፤ የሁለት ዓመት ደረሰኝ ተጠቅጥቆበታል። ገና ካለፈ በኋላ በሦስተኛው ቀን ጠዋት ቢሮው ውስጥ ተቀመጥን። የደብረ ብርሃንን የታኅሣሥና የጥር ጠዋት ታውቂዋለሽ፤ ውርጩ ሣሩን አንጥቶት፣ ከቆርቆሮው ጣሪያ የሚወርደው ቅዝቃዜ አጥንት ይሰብራል። ጣታችንን በሻይ ብርጭቆ እያሞቅን ደረሰኞቹን በአንድ ረጅም አግዳሚ ላይ ከመስከረም እስከ ነሐሴ ወር በወር ደረደርናቸው። ጥቂት እንደሄድን ባዶ ወረቀት ይወጣልን ጀመር። ከሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን የሚወጣው ደረሰኝ በቀለም የተጻፈ አይደለም፤ ወረቀቱ ራሱ በሙቀት ጠቁሮ ነው ጽሑፉ የሚታየው። ስለዚህ ብርሃንና ሙቀት ሲያገኘው፣ ቆይቶም ሲያረጅ ይጠፋል። ገንዘብ ያዡ አንዱን ወደ መስኮቱ ከፍ አድርገው አዩት፤ የሱቁ ስም ጥላ ብቻ ይታያል። «ይህቺ የብርድ ልብስ ናት፤ ለአሥራ አራት ሰው» አሉ። እሳቸው ያስታውሳሉ፤ ወረቀቱ ግን አይናገርም። ለኦዲተር ደግሞ የሰው ትዝታ ማስረጃ አይሆነውም።

የዚያን ዓመት ትልቁ ሥራችን ይኸው ነበር ብልሽ አትገረሚ። የማሽን ደረሰኝ በመጣበት ቀን ፎቶ ኮፒ ይደረጋል፤ ዋናውና ኮፒው አብረው ይሰፋሉ፤ ቀኑ፣ የብሩ መጠንና የተገዛው ነገር በእስክሪብቶ ይጻፍበታል፤ ከወጪ ማዘዣው ጋር ይያያዛል። ይህን በአንድ ገጽ ጽፈን ግድግዳው ላይ ለጠፍነው። አሁንም እዚያው አለ፤ ገንዘብ ያዡም እስከ ዛሬ እንደተጻፈው ይሠራሉ።

ሌላው የባንክ ማስታረቂያ ነው፤ የባንኩንና የደብተሩን ቀሪ አስተያይቶ ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማግኘት ማለት ነው። የባንኩ ቀሪ ሒሳብ ከደብተሩ ቀሪ በ2,650 ብር ይበልጥ ነበር። በከተማው «ሒሳቡ አይገጥምም» የሚል ሹክሹክታ ወጥቶ የእኒያን መልካም ሰው ስም እየነካ ነበር። እኛ ስንመረምረው፣ አንድ የ2,900 ብር ቼክ ተጽፎ ተቀባዩ ባንክ አልወሰደውም፤ ባንኩ የቆረጠው 250 ብር የአገልግሎት ክፍያ ደግሞ በደብተሩ አልተመዘገበም። 2,900 ሲቀነስ 250፣ በትክክል 2,650። አንድ ከሰዓት በኋላ አልፈጀብንም። ወረቀቱን ሳሳያቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡና ለረጅም ጊዜ ምንም አልተናገሩም። እህቴ፣ ለአንቺና ለእኔ ይህ የወር መጨረሻ ተራ ሥራ ነው። ለእሳቸው ግን የስማቸው ጉዳይ ነበር።

በዓሉ ራሱ ስለሚያመጣው ጣጣም ልንገርሽ። በገና ሰሞን ማኅበሩ በር ላይ በግ ይታሰራል፤ ዱቄት በማዳበሪያ፣ ዘይት በጄሪካን፣ የተለበሰ ልብስ በጆንያ ይመጣል። ገንዘብ ሲሆን ደረሰኝ ይቆረጣል፤ በዓይነት የመጣው ግን «እግዜር ይስጥልን» ተብሎ ይታለፋል። ከበዓሉ በኋላ ስንት እንደገባና ለማን እንደደረሰ የሚያውቅ ሰው አይኖርም። እኛ አንድ ወፍራም መዝገብ ገዝተን አምዶች አሰመርንበት፦ ቀን፣ የሰጪው ስም፣ ዓይነት፣ ብዛት፣ የተረካቢ ፊርማ፣ የወጣበት ቀን፣ የተቀበለው ሰው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ። ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖቻችን ወደ ከተማው መጥተው በቻይና ካምፕና በሌሎች መጠለያዎች ከሰፈሩ በኋላ ማኅበሩ ለእነሱም ያደርስ ስለነበር፣ መዝገቡ ከክርክር አድኖናል። አሥር ማዳበሪያ ዱቄት የላኩ አንድ ሰው ደውለው ሲጠይቁ፣ ገጹ ተገልጦ በስልክ ተነበበላቸው። በሚቀጥለው ዓመት ሃያ ላኩ።

አሁን ወደ ጊዜው ልምጣ። ከገና በፊት ባለው ሳምንት ሥራ እጀምራለሁ አትበይ። ሁሉም በእርድና በእደላ ተወጥሯል፤ ፋይል አምጡ የምትይው ሰው ሁሉ ሸክም ትሆኚበታለሽ። ያን ሳምንት ሽንኩርት ክተፊ፣ ዕቃ አመላልሺ፤ ሰዎቹንም ትተዋወቂያለሽ። የወረቀቱ ሥራ ከገና ማግስት እስከ ከተራ ባሉት ቀናት ይሁን። በዓላቱን ስትቀንሺ በእጅሽ የሚቀረው ሰባት ወይም ስምንት የሥራ ቀን ነው። ጥር የሠርግ ወር መሆኑንም አትርሺ፤ ገንዘብ ያዡ ዘመድ ሊድሩ ይችላሉ።

ወቅቱ ለሒሳብ ባለሙያ የሚመችበት ሌላም ምክንያት አለው። የውጭ ረጂ ያላቸው ድርጅቶች ብዙዎቹ በጀት ዓመታቸውን የሚዘጉት በፈረንጆቹ ታኅሣሥ 31 ነው፤ በእኛ በአብዛኛው ታኅሣሥ 22 ላይ ይውላል። ገና ከዚያ በኋላ በሳምንቱ ይመጣል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በበዓል በተያዘበት ሰሞን የእነሱ መዝገብ መዘጋት፣ ዓመታዊ ሪፖርታቸውም መሰናዳት አለበት። ያንቺ ማኅበር እንዲህ ያለ እንደሆነ አስቀድመሽ ጠይቂ። የተመዘገበ የበጎ አድራጎት ድርጅት ከሆነ የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011ን አንብበሽ ሂጂ፤ የአስተዳደር ወጪ ከጠቅላላ ገቢ 20 በመቶ እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ትንንሽ ማኅበራት የሚሳሳቱት ወጪውን በማብዛት ሳይሆን ያለ ቦታው በመመደብ ነው። ለአረጋውያኑ ዕቃ ያጓጓዘ መኪና ኪራይ በአስተዳደር ሥር ሲጻፍ አይቻለሁ። ያን ማስተካከል ያንቺ ሙያ ነው። ልታግዢ ያሰብሽው እድር ከሆነ ግን አዋጁ እድርና እቁብን አይመለከትም፤ መተዳደሪያ ደንባቸውን ተመልከቺ።

ከጥያቄሽ ሥር «እኔ የሒሳብ ሰው አይደለሁም፣ ምን ላድርግ?» ብላችሁ የጻፋችሁም አላችሁ። ጠበቃ ከሆናችሁ የመተዳደሪያ ደንቡንና የቦታውን ሰነድ እዩላቸው። የኮምፒውተር ባለሙያ ከሆናችሁ አዲስ ገጽ ከመክፈታችሁ በፊት የድሮው የይለፍ ቃል በማን እጅ እንዳለ ጠይቁ፤ አንድ በጎ ፈቃደኛ የከፈተው ገጽ እሱ ውጭ አገር ሲሄድ ተዘግቶ የቀረበት ማኅበር አውቃለሁ። ፎቶ አንሺ ከሆናችሁ አረጋውያኑን ፈቃድ ጠይቁ፤ እየበሉ አታንሷቸው። ነርስ ለሆናችሁት ምንም አልነግራችሁም፤ ገና በሩን ስትገቡ ሥራው ይጠብቃችኋል።

ላንቺ ሦስት ነገር አጥብቄ ልከልክልሽ። ራስሽ ያዘጋጀሽውን ሒሳብ ራስሽ ኦዲት አድርገሽ እንዳትፈርሚ፤ በፍቅር ይለምኑሻል፣ እምቢ በይ። ዋናውን ሰነድ «አዲስ አበባ ጨርሼ እልካለሁ» ብለሽ ይዘሽ አትውጪ፤ ኮፒ ያዢ። ሦስተኛው፣ በእነሱ ፊት ደብተራቸውን አታናንቂ።

ዛሬ ነገ ሳትይ ደውዪና የምትቆዪው ሁለት ሳምንት ብቻ መሆኑን በመጀመሪያው ንግግርሽ ንገሪያቸው። ከዚያ ምን እንደሚቸግራቸው ጠይቂና አንድ ሥራ ብቻ ተቀበዪ፤ ምን እንደሆነ፣ መቼ እንደሚያልቅ፣ ካንቺ በኋላ ማን እንደሚይዘው በአንድ ገጽ ጻፉት። የሚይዘው ሰው ከመጀመሪያው ቀን አጠገብሽ ይቀመጥ፤ እስክሪብቶውም በእሱ እጅ ይሁን። ስቴፕለር፣ ሽቦውን፣ የቀዳዳ መብሻና አራት ቦክስ ፋይል ከዚህ ገዝተሽ ሂጂ። መብራት ስለሚጠፋ የላፕቶፕሽን ባትሪ አትመኚው፤ ካልኩሌተር ያዢ። ከመነሳትሽ በፊት የመንገዱንም ሁኔታ ቤተሰብሽን ጠይቂ።

እኔ ዘንድሮ ከጥር 1 እስከ ጥር 8 እዚያው ነኝ። ካርቶን የሞላ ደረሰኝ ከሰጡሽና ብቻሽን ከከበደሽ እዚሁ ጻፊልኝ፤ አንድ ቀን መጥቼ አብሬሽ እለያለሁ።