«ሱፐርቪዥን ሳይመጣ ሰርተፍኬት አምጪ» ተባልኩ

የተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ሀዋሳ ውስጥ በአንድ የግል አጸደ ሕፃናት ኤልኬጂ አስተምራለሁ። 12ኛ ክፍል ጨርሼ በረዳትነት ነበር የገባሁት፤ የክፍሉ መምህርት ስትለቅ ልጆቹ ለእኔ ተሰጡ። እወዳቸዋለሁ፤ ሕፃናትን ስለማስተማር ግን ምንም ሥልጠና አልወሰድኩም። ወላጆች የተሞላ ደብተር ማየት ስለሚፈልጉ የአራት ዓመት ልጆችን ሀሁም ኤቢሲዲም አስገለብጣለሁ። እጃቸው ደክሞ የሚያለቅሱ አሉ። አንዱ ልጅ ደግሞ ትምህርት ከጀመረ ወዲህ ክፍል ውስጥ ቃል አይወጣውም፤ በር ላይ ከእናቱ ጋር በሲዳምኛ ሲያወራ ግን ማን ይችለዋል።

አሁን ርዕሰ መምህሯ «ሱፐርቪዥን ሳይመጣ የሥልጠና ሰርተፍኬት አምጪ» ብላኛለች። ጓደኛዬ ሳልማር በገንዘብ የሚያሠራልኝ ሰው አለ ትላለች። ኮሌጅ እንዳልገባ ከደመወዜ የቤት ኪራይ ከፍዬ የሚተርፈኝ ትንሽ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መምህርት፣ ከታቦር

እህቴ፣ ሰርተፍኬቱን እንዳትገዢ። ሐሰተኛ ማስረጃ በወንጀል ያስጠይቃል፤ ዛሬ «ብቻ አምጪ» የሚል ቀጣሪም ማስረጃ ይጣራ የተባለ ዕለት ከጎንሽ አይቆምም።

ዝም ያለው ልጅ አሳስቦኛል፤ ከእሱ ልጀምር። ቤቱ ሲዳምኛ የሚሰማ ልጅ በአንድ ጠዋት አማርኛና እንግሊዝኛ ሲወርድበት ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ዝም ማለቱ የታወቀ ነገር ነው። እየሰማ፣ እያጠራቀመ ነው። «ተናገር» ብለሽ በልጆች ፊት አታቁሚው። ጠዋት በር ላይ በቋንቋው ሰላም በይው። ውሃ፣ ሽንት ቤት፣ አመመኝ የሚሉትን ቃላት ከእናቱ ተማሪ፤ ትንሽ ልጅ እነዚህን መናገር ሲያቅተው ነው ቀኑ የሚጨልምበት። እያጨበጨቡ የሚዘመር መዝሙር አብዢ፤ ብዙ ልጆች መጀመሪያ አፋቸውን የሚፈቱት እዚያ ነው። ወራት አልፈው ምንም ለውጥ ከሌለ፣ ወይም ቤትም ዝም ማለት ከጀመረ፣ ጆሮውም ንግግሩም በሐኪም ይታይ።

ግልበጣውን ቀንሺ። የእጅ አንጓ ስምንቱ አጥንቶች ሕፃን ሲወለድ ገና ልም አጥንት ናቸው፤ የሚጠነክሩት በዓመታት ውስጥ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ከእርሳሱ በፊት ጭቃ ያድቦልቡል፣ ዶቃ በክር ይሰካ፣ ወረቀት ይቅደድ፣ አሸዋ ላይ በጣቱ ይጻፍ። ደግሞ 33ቱ ፊደላት ከነሰባት ድምፃቸው 231 ቅርጽ ናቸው! በዜማ ሸምድዶ የሚወጣቸውን ልጅ «መ»ን ነጥለሽ ብታሳዪው ከ«ሀ» ተነስቶ መቁጠር ይጀምራል። በስሙ የመጀመሪያ ፊደል ጀምሪለት፤ የራሱን ፊደል ልጅ ቶሎ ይለያል። ወላጆችን ክፍል አስገብተሽ ልጆቹ የሠሩትን አሳዪአቸው፤ ደብተር የሚጠይቁት ሌላ የሚያዩት ነገር ስላጡ ነው። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንኳ አጸደ ሕፃናት ለልጁ ሁለንተናዊ ዕድገት ነው ይል ነበር፤ ርዕሰ መምህሯ ካልተስማማች ይህንኑ ንገሪያት።

ይህ ሁሉ ግን የኮሌጁን ቦታ አይተካም። መንግሥት ዘርፉን ለረጅም ዓመታት በአብዛኛው ለግል ባለሀብቶችና ለእምነት ተቋማት ትቶት ስለቆየ ሳትሠለጥን ክፍል የተረከበች አንቺ ብቻ አይደለሽም። ይሁንና በ2002 ዓ.ም. ብሔራዊ የቅድመ ልጅነት ክብካቤና ትምህርት ማዕቀፍ ወጥቷል፤ በ2015 ዓ.ም. የጸደቀው ፖሊሲም ቅድመ አንደኛን የሁለት ዓመት እርከን አድርጎታል። ሙያው እየጠበቀ ይሄዳል እንጂ አይላላም፤ እኔም እንዲላላ አልፈልግም፤ አራት ዓመት የሞላው ልጅ የሠለጠነ ሰው ይገባዋል። ሀዋሳ መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ከተማሽ ውስጥ ነው። ሬጅስትራር ሄደሽ ስለ ቅድመ አንደኛ መምህርነት ዲፕሎማ፣ ስለ ማታና ክረምት መርሐ ግብር፣ ስለ መግቢያ ውጤትና ስለ ክፍያ ጠይቂ።

የነገሩሽን ይዘሽ ርዕሰ መምህሯ ዘንድ ግቢና «ሰርተፍኬት ከፈለጋችሁ ልማር፤ ክፍያውን ተካፈሉኝ» በያት። ከተስማሙ በጽሑፍ ይሁን፤ ስንት እንደሚከፍሉልሽና ከተመረቅሽ በኋላ ስንት ጊዜ እንደምታገለግያቸው ይገለጽበት። ዋናውን የ12ኛ ክፍል ማስረጃሽን ግን በመያዣነት አትስጪ፤ ለእነሱ ኮፒው ይበቃቸዋል።