ጀርመን ውስጥ ቆሻሻ የሚያስለየው ሒሳቡ ነው

«ጀርመን ያላችሁ፣ እዚያ ሰው ቆሻሻውን በየዓይነቱ የሚለየው ለአካባቢ ተቆርቁሮ ነው ወይስ ቅጣት ፈርቶ?» ብለህ ጠይቀሃል። እየኖርኩ ካየሁት ልመልስልህ። የሚቆረቆርም የሚፈራም አለ። ከሁለቱም በላይ የሚሠራው ግን ሒሳቡ ነው ባይ ነኝ።

ጠርሙሱን ውሰድ። ከፈረንጆቹ 2003 ጀምሮ የአንድ ጊዜ ጠርሙስና ጣሳ ላይ ማስያዣ አለ፤ «ፕፋንድ» ይሉታል፣ አሁን 25 ሴንት ነው። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም መጠጥ አይነካም ነበር፣ እየሰፋ ሄዷል። ባዶውን ሱፐርማርኬት ውስጥ ላለው ማሽን ትሰጠዋለህ፣ ደረሰኝ ያወጣልሃል፣ ካሸሯ ከሒሳብህ ላይ ትቀንስልሃለች። እየታጠበ ለሚሞላው የቢራ ጠርሙስ ብዙውን ጊዜ 8 ሴንት ነው። ብቻ ጠርሙሱን እንዳትጨፈልቀው! ማሽኑ ባርኮዱን ማንበብ ካቃተው መልሶ ይተፋብሃል።

መንገድ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ባዶውን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አይከተውም፣ አጠገቡ ያቆመዋል። ጠርሙስ ለቅመው ገቢ የሚያገኙ ሰዎች እጃቸውን ቆሻሻ ውስጥ እንዳይከቱ ብሎ ነው። ጥሩ አሳቢነት ነው። ግን እንዲህ ባለ ሀብታም አገር ጡረተኛ ጠርሙስ ሲለቅም ማየት ደስ አይልም።

ወደ ቤት ስንገባ ወረቀት ለብቻ፣ የምግብ ትርፍራፊ ለብቻ፣ ማሸጊያ ለብቻ ነው። የቀረው ወደ ቀሪ ቆሻሻው ይሄዳል። ነገሩ ያለው እዚህ ጋ ነው። ቀሪ ቆሻሻውን ለማስነሳት የሚከፍለው ነዋሪው ነው፤ ተከራይ ከሆንክ ከኪራዩ ጋር በሚታሰበው ተጨማሪ ወጪ ውስጥ ይመጣብሃል። የማሸጊያውን ግን በፈረንጆቹ 1991 ከወጣው የማሸጊያ ደንብ ወዲህ የሚሸፍኑት ዕቃውን አሽገው ገበያ የሚያወጡት ድርጅቶች ናቸው። እነሱም ዋጋው ላይ ይጨምሩታል። እንግዲህ የእርጎውን ዕቃ ቀሪው ውስጥ ከጣልከው ሁለቴ ከፈልክ ማለት ነው። የተሳሳተ ነገር የገባበትን ደግሞ ሠራተኞቹ ሳያነሱት ሊሄዱ ይችላሉ፣ ተጨማሪ ክፍያውም ለሕንጻው ሰው ሁሉ ይደርሳል። ጎረቤትህ በመስኮት የሚያይህ ወዶ አይደለም።

ማስያዣ የሌለው የመስታወት ጠርሙስ ማጠራቀሚያው ደግሞ ነጭ፣ አረንጓዴና ቡናማ ተብሎ ይለያል። ሰማያዊ ከያዝክ አረንጓዴው ውስጥ ክተተው፤ ሌላ ቀለም ቢቀላቀልበት የሚችለው እሱ ነው። እሑድ ግን አይጣልም፤ መሰባበሩ ሰው ይረብሻል።

ያልወደድኩትንም ልንገርህ። መለየቱ ላይ ጎበዝ ናቸው፣ መቀነሱ ላይ ግን ያን ያህል አይደሉም። የወረቀቱ ማጠራቀሚያ በኦንላይን ግዢ ካርቶን ጢም ብሎ ታየዋለህ። ኪያር እንኳን በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ይሸጣል። በደንብ የለየ ሰው ደግሞ «ድርሻዬን ተወጥቻለሁ» ብሎ ሌላ ይገዛል።

ለመምጣት እያሰብክ ከሆነ፣ ቤት እንደገባህ አከራይህን የከተማውን የቆሻሻ ካላንደር ጠይቅ። የቱ በየትኛው ቀን እንደሚነሳ እሱ ላይ አለ፤ የቤት ቆሻሻ ማጠራቀሚያዎቹ ቀለም ከከተማ ከተማ ስለሚለያይ የሌላ ከተማ ጓደኛህን አትመን። አሮጌ ሶፋ ቢኖርህ ቀን ሳታስይዝ በር ላይ እንዳታወጣው፣ ያስቀጣል።