የተዋስነው ፖሊስ፣ የተዋስነው ዜማ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሦስቱን መርጫለሁ። ሁለቱ የፖሊስና የፍትሕ ጉዳይ ናቸው። ሦስተኛው የዘፈን ነው። አንድ ላይ ያስቀመጥኳቸው ሆን ብዬ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በተከላካይ ጠበቃነት ነው፤ ከሥራ ውጭ ያለኝ ፍቅር ደግሞ የድሮ የሕዝብ ዘፈን ነው። ሁለቱ ዓለማት ከሚመስለው በላይ ይቀራረባሉ። ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ ወጣት የፖሊስ አባል ነኝ። ስለ ማኅበረሰብ አቀፍ ፖሊስ አገልግሎት ሥልጠና ወስደናል። አሠራሩ ከውጭ የመጣ ነው። ሥልጠናው ደስ ይል ነበር። ወደ ጣቢያ ስንመለስ ግን አለቃችን ጠዋት ጠዋት የሚጠይቀን ያንኑ የድሮውን ነው፤ "ትናንት ስንት ሰው ያዛችሁ?" ባልደረቦቼ "የሰው አገር ነገር እኛ ጋ አይሠራም" ብለው ተስፋ ቆርጠዋል። እውነት አይሠራም?»

ወንድሜ፣ የሰው አገር ነገር ያልሆነ ፖሊስ የት አለ? የደንብ ልብስ ለብሶ፣ ደሞዝ እየተከፈለው፣ ሰፈር ተከፋፍሎ የሚዞረው ፖሊስ ዛሬ የምናውቀውን መልክ የያዘው በአብዛኛው ከ19ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። የእንግሊዙ ሚኒስትር ሮበርት ፒል የለንደንን ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ያቋቋመው በ1829 ነው። ከዚያ በኋላ አንዱ አገር ሌላውን እያየ ነው ነገሩ የተስፋፋው።

የጃፓንን ታሪክ ልንገርህ፤ በጣም እወደዋለሁ። ካዋጂ ቶሺዮሺ የሚባል ሹም በ1872 ወደ አውሮፓ ተላከ። የየአገሩን ፖሊስ እያየ ዞረ። በተለይ የፈረንሳይን አሠራር አጠና። በ1874 የቶኪዮ ሜትሮፖሊታን ፖሊስ ሲቋቋም መሪው እሱ ሆነ። ጃፓኖች ግን የፓሪስን ፖሊስ እንዳለ ገልብጠው አልተቀመጡም። ኮባን የሚባሉ ትንንሽ የፖሊስ ቤቶችን በየሰፈሩ ከፈቱ። ኮባን ላይ የሚመደብ ፖሊስ የራሱ ሰፈር አለው። መንገድ የጠፋበትን ያሳያል፣ የጠፋ ዕቃ ይረከባል፣ ቤት ለቤት እየዞረ ነዋሪውን ይተዋወቃል። መቶ ዓመት አለፈና በ1983 ሲንጋፖር ይህን ከጃፓን ወሰደች። በኋላ የብራዚሏ ሳኦ ፓውሎም ወሰደች። ሲንጋፖር እንኳ እንደወሰደችው አልተወችውም። ትንንሾቹ ጣቢያዎች የሚሰጡት አገልግሎት ጠባብ ሆኖ ስላገኘችው ከ1997 ጀምሮ በትልልቅ ማዕከላት ሥር አደራጀቻቸው።

እና መዋሱ አይደለም ችግሩ። ከተዋስነው ውስጥ ምኑን ይዘን ምኑን ጥለን መጣን የሚለው ነው። እናንተ ጋ የደረሰው ስሙና ሥልጠናው ነው። የአለቃህ የጠዋት ጥያቄ ካለበት አልተነቃነቀም። ማንም ሠራተኛ የሚሠራው የሚለካበትን ነው። «ስንት ሰው ያዛችሁ» የሚባል ፖሊስ ሰው ይይዛል። ሁለት ጎረቤቶች ሳይደባደቡ ቢያስታርቅ ግን የትም አይመዘገብለትም። ኮባንን ኮባን የሚያደርገው ቤቱ አይደለም። አንድ ፖሊስ አንድ ሰፈር ላይ ቆይቶ ሰዉን ማወቁ እንደ ሥራ መቆጠሩ ነው።

በሥልጠናው ላይ «የፒል ዘጠኝ መርሆዎች» የሚል ወረቀት ሳይሰጧችሁ አይቀርም። የመጨረሻው መርህ ሐሳቡ ይህ ነው። የፖሊስ ውጤታማነት የሚለካው ወንጀልና ሁከት በመጥፋቱ ነው እንጂ ፖሊስ ሲሯሯጥ በመታየቱ አይደለም። እባክህ ይህን ለአለቃህ አሳየው። አንድ ነገር ግን እወቅ። ዘጠኙን በዚህ መልክ ደርድሮ የጻፋቸው ፒል አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን ቻርልስ ሪት የተባለ የፖሊስ ታሪክ ጸሐፊ ነው ያሰናዳቸው። በሕዝብ ዘፈን ዘንድ ይህ የተለመደ ነው፤ አንዱ ያስተካከለው በሌላው ስም ይታወቃል። ይህ መርሆዎቹን አያረክሳቸውም። ለአንተ ደግሞ ደስ የሚል ነገር አለው። ሪት ከመቶ ዓመት በኋላ ቁጭ ብሎ ከጻፋቸው፣ አንተና ባልደረቦችህ የራሳችሁን ሰፈር አይታችሁ የራሳችሁን ለመጻፍ ማን ይከለክላችኋል?

ማንንም ሳታስፈቅድ የምታደርገውም አለ። ቶም ታይለር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የቺካጎ ነዋሪዎችን ስለ ፖሊስና ስለ ፍርድ ቤት ጠይቆ በ1990 መጽሐፍ አሳተመ። ሰው ሕግ የሚያከብረው ቅጣት ፈርቶ ብቻ አይደለም ይላል። ሲናገር ከተደመጠ፣ ምክንያቱ ከተነገረው፣ ካልተዋረደ፣ ውሳኔው ባይጥመውም ይቀበለዋል። ስለዚህ ሰው ስታስቆም ለምን እንዳስቆምከው ንገረው። አቤት ያለ ሰው ጉዳዩ የት እንደደረሰ ሳይጠይቅህ ንገረው። ከደንበኞቼ የብዙዎቹ ምሬት ከመታሰራቸው ይልቅ «ማንም ምንም አልነገረኝም» የሚል ነበር።

«ልጄ ታስሯል። ምርመራ ላይ "እኔ ነኝ ያደረግኩት" ብሎ ፈርሟል። አሁን ስጠይቀው "እማዬ፣ አላደረግኩም" ይለኛል። ጎረቤቱ ሁሉ "ያላደረገውን ማን አደረግኩ ይላል?" ይላል። እኔም ግራ ገባኝ።»

እናቴ፣ ልጅዎ ያድርገው አያድርገው ከዚህ ሆኜ ልነግርዎ አልችልም። ጎረቤቶችዎ ግን ተሳስተዋል። ያላደረገውን አደረግኩ የሚል ሰው አለ።

በእንግሊዝ «የጊልፎርድ አራቱ» የሚባሉት በ1975 በቦምብ ጥቃት ጥፋተኛ ተብለው ዕድሜ ልክ ተፈረደባቸው። የቀረበባቸው ማስረጃ የገዛ ቃላቸው ነበር። ነፃ የወጡት በ1989 ነው። «የበርሚንግሃም ስድስቱ»ም በዚያው ዓመት ተፈረደባቸው። ከስድስቱ አራቱ የእምነት ቃል ላይ ፈርመው ነበር። እነሱም በ1991 ነፃ ወጡ። በአሜሪካ በዲኤንኤ ምርመራ ንጽሕናቸው ከተረጋገጠ ከ300 በላይ ሰዎች መካከል፣ ከሩብ በሚበልጡት መዝገቦች ውስጥ የሐሰት የእምነት ቃል ነበረ።

ለምን ይሆናል? እንቅልፍ ያጣ ሰው የነገን አያስብም። ወጣት ሲሆን ይብስበታል። «ማስረጃ አለን፤ አምነህ ከፈረምክ ወደ ቤትህ ትሄዳለህ» ሲሉት ቤቱ ነው የሚታየው። «እውነቱን በኋላ ለዳኛው እነግራለሁ» ብሎ ይፈርማል። ዳኛው ፊት ሲደርስ ግን የፈረመው ወረቀት ቀድሞት ይጠብቀዋል።

ይህ የሚስተካከል ነገር ነው። በእንግሊዝ በ1984 የወጣው ሕግ ምርመራ በቴፕ እንዲቀረጽ መንገድ ከፈተ። እነዚያ መዝገቦች አገር ካስደነገጡ በኋላ ደግሞ፣ በ1992 የአጠያየቅ ዘዴው ራሱ ተለወጠ። በአዲሱ ዘዴ መርማሪው የሚገባው ለማስፈረም ሳይሆን ለማወቅ ነው። ክፍት ጥያቄ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ የሰማውን ከሌላ ማስረጃ ጋር ያመሳክራል። ኖርዌይና ኒውዚላንድ ይህንን ወስደው በራሳቸው ልክ ሰፉት። በ2021 ደግሞ በቀድሞው የተባበሩት መንግሥታት የማሰቃየት ጉዳይ ልዩ ራፖርተር (አጣሪ) በሁዋን ሜንዴዝ ስም የሚጠሩ የምርመራ መርሆዎች ወጡ። ለየትኛውም አገር መርማሪ የሚሆኑ ናቸው።

ለልጅዎ ጠበቃ እነዚህን ጥያቄዎች ይዘውለት ይሂዱ። ምርመራው መቼ ተጀምሮ መቼ አለቀ? ልጁ ተኝቶ ነበር? በልቶ ነበር? ጠበቃ አጠገቡ ነበር? ተቀርጿል? ከሁሉ በላይ ይህን ያስጠይቁልኝ። በሰጠው ቃል ውስጥ ወንጀሉን የሠራ ሰው ብቻ የሚያውቀው ነገር አለ? ካለ፣ መርማሪው ያንን ቀድሞ ያውቅ ነበር? መርማሪው ያውቀው የነበረ ነገር በልጅዎ አፍ መነገሩ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም፤ ከጥያቄው ውስጥ ሰምቶት ሊሆን ይችላል። ልጁ ተናግሮ ፖሊስ ሄዶ ያገኘው አዲስ ነገር ካለ ግን ያ ሌላ ነው። መልሱ ወደየትም ያዘንብል፣ ለእርስዎም ከጎረቤት ወሬ የተሻለ ነገር ይሰጥዎታል።

«ጋሼ፣ ድምፃዊት ነኝ። ከአያቴ የተማርኩት የድሮ የሕዝብ ዘፈን አለ። ታስሮ ስለቀረ ሰው ነው። ዜማውን እንዳለ ይዤ ግጥሙን ለውጬ፣ በፖሊስ ተደብድቦ አካሉ ስለጎደለ የማውቀው ልጅ ልዘፍነው ፈለግኩ። ባንዱ ውስጥ ያሉ ልጆች "ዜማው የሕዝብ ነው፣ ማንንም አትጠይቂ" ይሉኛል። ጓደኛዬ ደግሞ "ስርቆት ነው" ትላለች። ይኸው ዜማ ከብዙ ዓመት በፊት አንድ እስረኛ ሲያዜመው የተቀረጸ ካሴትም አለ። ምን ላድርግ?»

እህቴ፣ ዝፈኚው። ይህን መጀመሪያ ልበልሽ። የሕዝብ ዘፈን ዕድሜ የሚያገኘው ሲዋሱት ነው። አያትሽም ከሌላ ሰው ነው የወሰደችው፤ አንድ ስንኝ ረስታ አንድ ስንኝ ጨምራ ይሆናል ለአንቺ ያደረሰችው። ግን ጓደኛሽም ዝም ብላ አልተናገረችም።

ሌድ ቤሊን ታውቂው ይሆናል። የሕዝብ ዘፈን ሰብሳቢው ጆን ሎማክስና ልጁ አለን በ1933 በአሜሪካ ሉዊዚያና፣ አንጎላ በሚባል እስር ቤት አግኝተው የቀረጹት ጥቁር ዘፋኝ ነው። ከሁሉ በላይ የታወቀለትን የአይሪን ዘፈን ከአጎቱ እንደተማረው ይናገር ነበር። የዘፈኑ ሥር ደግሞ ጉሲ ዴቪስ የተባለ ሌላ ጥቁር ደራሲ በ1886 ወዳወጣው ዘፈን ይወስዳል። እስከዚህ ድረስ ጤናማ መዋዋስ ነው። በኋላ ግን ዘፈኑ በወረቀት ሲመዘገብ የሰብሳቢው የጆን ሎማክስ ስም ከደራሲው ስም ጎን ገባ። ሌድ ቤሊ በታኅሣሥ 1949 ሞተ። በማግስቱ ዓመት ሌሎች ዘፈኑትና በአሜሪካ አንደኛ ሆነ። ልቤን የሚያሳዝነኝ ዜማው መዞሩ አይደለም። ገንዘቡና ስሙ በዞሩበት መንገድ ዜማውን ያቆዩት ሰዎች አለመኖራቸው ነው።

«የሕዝብ ነው» የሚለው ደግሞ አንዳንዴ ባለቤቱን ላለመፈለግ ምክንያት ይሆናል። ሰሎሞን ሊንዳ በ1939 ጆሃንስበርግ ውስጥ ስለ አንበሳ ያስቀረጸው ዘፈን ዓለምን ዞረ። ለረጅም ጊዜ የአፍሪካ ባህላዊ ዜማ እየተባለ ነው የተሸጠው። እሱ በ1962 በድህነት ሞተ። ልጆቹ የድርሻቸውን ስምምነት ያገኙት በ2006 ነው።

አሁን ወደ አንቺ ካሴት ልምጣ። አለን ሎማክስ በ1959 በሚሲሲፒ ፓርችማን እስር ቤት፣ ጄምስ ካርተር የተባለ እስረኛ ከጓደኞቹ ጋር እንጨት እየፈለጠ ሲያዜም ቀረጸ። መጥረቢያው ነው ምቱን የሚጠብቀው። ዘፈኑ አላዛር ስለተባለ ሰው ነው። ሸሪፉ ረዳቱን «ሞቶም ሆነ በሕይወት አምጣልኝ» ይለዋል፤ አሳደው በጥይት ይመቱታል። አሮጌ ዘፈን ነው፤ ደራሲው አይታወቅም። በ2000 አንድ የሆሊውድ ፊልም ያንን ቅጂ ተጠቀመበት። የፊልሙ አልበም በሚሊዮኖች ተሸጠ፤ በ2002ም የዓመቱ ምርጥ አልበም ተብሎ የግራሚ ሽልማት አገኘ። አዘጋጆቹና የሎማክስ ማኅደር ሰዎች «እስረኛ ነው፣ ዘፈኑም የሕዝብ ነው» ብለው አልተዉትም። ካርተርን ፈልገው ቺካጎ ውስጥ አገኙት። ሽማግሌ ሆኗል። የ20,000 ዶላር ቼክ ሰጡት። ሽልማቱ ላይም ተገኘ። በሚቀጥለው ዓመት አረፈ።

ይህን ታሪክ የምወደው ባለሙያነቴ ስለሚነካኝም ነው። እስር ቤት ውስጥ የተቀረጸ ዘፈን ከእምነት ቃል ጋር የሚያመሳስለው ነገር አለ። ሁለቱም ቁልፉ በሌላ ሰው እጅ ሆኖ የተሰጡ ናቸው። እስረኛው «አልዘፍንም» ቢል ምን ይደርስበት እንደነበር እኛ አናውቅም። ስለዚህ የአንቺን እስረኛ ፈልጊው። ካሴቱን ያስቀመጡትን ጠይቂ። ቤተሰብ ካለው ቤተሰቡን ፈልጊ። ካጣሽው ደግሞ አልበሙ ላይ «ዜማ፦ የሕዝብ፤ ከአያቴና ከእገሌ ቅጂ የተማርኩት» ብለሽ ስሙን ጻፊ። ስሙ ካሴቱ ላይ ከሌለም እስር ቤቱንና ዓመቱን ጻፊ። «ዜማና ግጥም» ብለሽ የራስሽን ስም ብቻ እንዳታስቀምጪ። ግጥሙ የአንቺ ነው፤ ዜማው አይደለም።

ስለ ልጁ ደግሞ የበለጠ እጨነቃለሁ። ዘፈኑ ስለ እሱ ነው፤ እሱም በሕይወት አለ። ስቱዲዮ ከመግባትሽ በፊት ሄደሽ ግጥሙን አንብቢለት። የሚያሳፍረው ስንኝ ካለ አውጪው። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ከሆነ ጠበቃውም ይየው። አንቺ ለማሳመር የጨመርሽው ዝርዝር ነገ ከምስክርነት ቃሉ ጋር ሊጋጭበት ይችላል። ገቢ ከተገኘ ድርሻው ስንት እንደሆነ አሁኑኑ በወረቀት አስፍሩና ሁለታችሁም ፈርሙ። አይሆንም ካለሽ ግን ዜማውን ለሌላ ግጥም አቆዪው።