አዌቱ ዳር፣ ሰፌድ ሙሉ ጥያቄ

ባለፈው ቅዳሜ ጅማ ላይ ዝናቡ ሲለቅብን፣ አዌቱ ዳር ካለች አንዲት ጠባብ ቡና ቤት ገብተን ተጠለልን። እኔ ጡረታ የወጣሁ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ወሬ ስወድ ደግሞ አይጣል ነው። ልጆቹ «ዛሬ ልብ የሚያሞቅ ነገር ብቻ ይወራ፤ ሙዚቃም ይሁን ሳይንስም ይሁን የሰው ደግነትም ይሁን» አሉ። ጥያቄያቸውን በብጣሽ ወረቀት እየጻፉ ሰፌድ ላይ ጣሉልኝ። ቡና ሊጠጡ የገቡትም ጨመሩበት። መልሱ ይኸው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

«ጋሼ፣ ሙላቱ አስታጥቄ የጅማ ልጅ ነው ይባላል። እውነት ነው? ኢትዮ ጃዝ የሚሉትስ ምኑ ነው የኛ፣ ምኑ ነው የፈረንጅ?» (የባጃጅ ሹፌር፣ ፈረንጅ አራዳ)

እውነት ነው። በ1943 እዚሁ ጅማ ተወለደ። ሙዚቃን እንግሊዝ አገርና አሜሪካ ተማረ። ቦስተን ያለው በርክሊ የገባ የመጀመሪያው አፍሪካዊ ተማሪም እሱ ነው።

«ምኑ የኛ» ላልከው፣ ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልን፣ አንቺ ሆዬን ታውቃለህ። እያንዳንዱ ቅኝት አምስት ድምፅ ነው ያለው። ፒያኖው ላይ ያሉት አሥራ ሁለት ናቸው። ሁለቱን ዝም ብሎ መቀላቀል ይቻላል፤ ግን ወጡ ይቀጥናል። አምስቱ ድምፅ ላይ የፈረንጅ ኮርድ፣ ማለትም ባንድ ላይ የሚመቱ ድምፆች፣ እንዳሻህ ከጫንክበት ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። ሙላቱ የደከመው እዚህ ላይ ነው። ዜማው ቅኝቱን ሳይለቅ፣ ከሥር ያለው አጃቢ በአሥራ ሁለቱ እንዲጫወት አደረገ። ቪብራፎን የሚባለውን በዱላ የሚመታ የብረት መሣሪያና የላቲን ከበሮውን ጨመረበት። ስትሰማው የምታውቀው ሰው አዲስ ልብስ ለብሶ የመጣ የሚመስልህ ለዚህ ነው።

እኔን ይበልጥ የሚገርመኝ ግን የደራሼዎቹ ነገር ነው። የጃዝ ሰዎች የተራቀቁበት «ዲሚኒሽድ» የሚባል የድምፅ አደራደር አለ። ሙላቱ ደጋግሞ የሚናገረው፣ ደቡብ ያሉት ደራሼዎች ይህን ከጥንት ጀምሮ በቀርከሃ ሲነፉት እንደኖሩ ነው። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ድምፅ ይዞ ተራውን ይጠብቃል፤ ዜማው የሚሞላው ሁሉም ሲገኝ ነው። ሙላቱ የባህል ሙዚቀኞችን ሳይንቲስቶች ይላቸዋል። እኔ ሳይንስ ያስተማርኩት ሰውዬ ቅር አላለኝም።

«እናቴ ነጠላዋን እስካሁን በእንዶድ ነው የምታጥበው። እንዶድ የዓለም መነጋገሪያ ሆነ የሚባለው በምኑ ነው?» (ተማሪ፣ ጊንጆ)

በአረፋው ነው። በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ ገና ወጣት ተመራማሪ ነበር፤ ቢልሃርዚያ ሊያጠና አድዋ ሄደ። የቢልሃርዚያ ትል ውሃ ውስጥ ባለ ቀንድ አውጣ ሰውነት ነው የሚያድገው። ከዚያ ይወጣና ወንዝ የገባውን ሰው ቆዳ በስቶ ይገባል። ቀንድ አውጣው ከሌለ በሽታውም መንገድ የለውም።

አክሊሉ ወንዙን ይዞ ሲሄድ፣ ሴቶች ልብስ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ የሞተ ቀንድ አውጣ በብዛት አየ። ሌላው ጋ ያለው ደህና ነው። ሴቶቹ የሚያጥቡት በእንዶድ ነበር። በሕይወት ያሉትን ለቃቅሞ ዕቃ ውስጥ አደረገና አንዷን ሴት «እስቲ ከአረፋው ጠብ አድርጊበት» አላት። ቀንድ አውጣዎቹ ሞቱ።

ሳስተምር እዚህ ላይ አቁሜ ተማሪውን አስጨበጭብ ነበር። አጠፋሁ። ዋናው ነገር ከዚያ በኋላ ያለው ነው። አድዋ ላይ ለአምስት ዓመት በተደረገ ሙከራ፣ ከ1 እስከ 6 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በሽታው ከ50 በመቶ ወደ 7 በመቶ ወረደ። ዶክተር ለገሠ ወልደዮሐንስ ደግሞ ከአገሩ እንዶድ ሁሉ ኃይለኛውን ሲያበጥር ቆይቶ 44 የተባለውን ዓይነት ለየ። ይህ ሁሉ ተሠርቶም የውጭዎቹ ተቋማት አፍሪካ ውስጥ የተገኘ ውጤት አልዋጥላቸው አለ። «በእኛ ላብራቶሪ ይደገም» እየተባለ ዓመታት አለፉ። ሁለቱ ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት የወሰዱት በ1989 ነው፤ ከአድዋው ወንዝ 25 ዓመት በኋላ! አክሊሉ በ1997 አረፈ።

ለእናትሽ ንገሪያት። ግን እንዶድ ዓሣም ይፈጃል፤ ወንዝ ውስጥ በጆንያ የሚደፋ ነገር አይደለም።

«ነፍሰ ጡር ነኝ። ለፅንስ ሞዛርት ማሰማት ልጁን ጎበዝ ያደርጋል ይባላል?» (ስሟን ያልጻፈች)

አያደርግም። ወሬው የተነሳው በ1993 ከወጣ ጥናት ነው። የተሞከረውም በ36 የኮሌጅ ተማሪዎች ላይ ነው፤ ፅንስ የሚባል አልነበረበትም። የታየው ለውጥ ከሩብ ሰዓት አላለፈም። ሞዛርትን ከወደድሽው ለራስሽ ስሚው። ለልጁ እሹሩሩ ይበቃዋል።

«የቡና ችግኝ ሰጡኝ፤ 74110 ይሉታል። ምነው፣ ስም ጠፋለት?» (ለገበያ ከጎማ የመጡ አባት)

አባቴ፣ ይሄ ቁጥር ከስም ይበልጣል። በ1971 ያልበሰለውን የቡና ፍሬ የሚያጠቁርና የሚያረግፍ የፈንገስ በሽታ አገራችን ገባ። እርስዎ ሳያስታውሱት አይቀሩም። ማሳው በሙሉ ጠቁሮ እያለ፣ አልፎ አልፎ አንድ ዛፍ ንጹሕ ፍሬ ይዞ ይቆማል። እዚህ መልኮ ያሉት የጅማ ግብርና ምርምር ሰዎች እነዚያን ዛፎች ፍለጋ ወጡ። ዘራቸውን አመጡ፣ አበቀሉ፣ ፈንገሱን ሆን ብለው ለቀቁባቸው። የተረፈውን ያዙ።

74 ማለት የተመረጠበት ዓመት ነው፤ 1974። የእርስዎ 74110 እናት ዛፉ የተገኘው መቱ በኩል፣ ቢሻሪ ከሚባል ቦታ ነው። ለገበሬው ማከፋፈል የተጀመረው በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ አካባቢ ነው። ቶሎ ደርሷል ማለት ነው፤ ለቡና ያ ጥድፊያ ነው።

እንዲህ ያለ ዛፍ የተገኘው ጫካችን ውስጥ ያለው ቡና ዓይነቱ ብዙ ስለሆነ ነው። በየመን አድርጎ ዓለምን ያዳረሰው አረቢካ ከጥቂት ዛፎች የተራባ ነው፤ ሁሉም ወንድማማች። አንዱን የያዘው በሽታ ሌላውን አይምርም። ስለዚህ ጓሮዎ ያለውን የድሮውን ቡና ሙልጭ አድርገው አይንቀሉት። የሚቀጥለው መድኃኒት እዚያ ሊሆን ይችላል።

«ሉሲ ለምን ሉሲ ተባለች?» (የስምንተኛ ክፍል ተማሪ)

በ1974 ሐዳር ላይ በተገኘች ማታ፣ ካምፑ ውስጥ ሉሲ የሚል ስም ያለበት የቢትልሶች ዘፈን በቴፕ ይደጋገም ነበር። በቃ ይኸው ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት ቆይታ በዘፈን ተሰየመች። እኔ ድንቅነሽን እመርጣለሁ።

«መምህር፣ እኔ የምማረው ግብርና ነው። ጓደኞቼ ይስቁብኛል። ከጅማ ግብርና ወጥቶ ዓለም ያወቀው ሰው አለ?» (የዩኒቨርሲቲ ተማሪ)

ፕሮፌሰር ገቢሳ ኤጀታ። ልጅ ሳለ ትምህርት ቤቱ ከቤቱ 20 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር፤ እሑድ በእግሩ ሄዶ ዓርብ ይመለሳል። ከዚያ ያንተው ግቢ፣ የጅማ እርሻና ቴክኒክ ትምህርት ቤት በሚባልበት ጊዜ፣ ገባ። ቀጥሎ ዓለማያ፣ ቀጥሎ አሜሪካ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ወሰደ።

ሥራው አቀንጭራ በሚባለው፣ የሰብል ሥር ላይ ተጣብቆ በሚመጥ አረም ላይ ነው። የአቀንጭራ ዘር አፈር ውስጥ እስከ 20 ዓመት ተኝቶ ይጠብቃል። እንደ ማሽላ ያለ ተክል ሥር የሚያመነጨው ኬሚካል ሲደርሰው ይነቃና ሥሩ ላይ ይጣበቃል። ገቢሳና ባልደረቦቹ ያንን ኬሚካል እምብዛም የማያመነጭ ማሽላ አዳቀሉ። ጠላት በሩ ላይ ተኝቷል፣ የሚቀሰቅሰው ግን የለም። የሚስቁብህን ይህን አስረዳቸው። ካልገባቸው ቂጣ አትስጣቸው።

«ሙዚቃና ደግነት አብረው የሄዱበት ታሪክ ካለ አንድ ይንገሩን።» (ሁለት ጓደኛሞች፣ መርካቶ)

አርባ ልጆች። በ1924 ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ሲሄዱ ከአርመኖች እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች የናስ መሣሪያ ሲነፉ ሰሙ። አርባውንም አዲስ አበባ አመጧቸው። አሠልጣኛቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበር፤ እስከ አብዮቱ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የሠራው እሱ ነው። ግጥሙ የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በኋላ ስንቱን የኛን ሙዚቀኛ አሠለጠነ።

«ደግነት ግን ግኝት ይባላል?» (ያው ከመርካቶዎቹ አንዱ)

ልጅ ሆኜ ሰፈራችን ከጓዳ የማትወጣ ሴት ነበረች። ሸተተች ተብሎ ማንም አይጠጋትም። ፊስቱላ የሚባል ሕመም መሆኑን ያወቅሁት አስተማሪ ከሆንኩ በኋላ ነው። ምጥ ሲረዝም የሕፃኑ ጭንቅላት ተጭኖ ቀዳዳ ያበጃል፣ ሽንት አልቆም ይላል። ይኸው ነው። እርግማንም ኃጢአትም አይደለም።

ማሚቱ ጋሼም በዚሁ ሕመም ከገጠር አዲስ አበባ መጣች። ወጣት ናት፣ ፊደል አልቆጠረችም። ሐኪሞቹ ካትሪንና ሬጂናልድ ሃምሊን አከሟት። እዚያው ቀርታ አልጋ ማንጠፍ ጀመረች። ቀጥሎ ኦፕራሲዮን ክፍል ገብታ መሣሪያ ማቀበል። እያየች፣ እየሞከረች ራሷ ቀዶ ጥገና የምትሠራ ሆነች፤ ዲግሪ ይዘው የመጡ ሐኪሞችንም አሠለጠነች። ቀዳዳውን መስፋት የሐኪም ዕውቀት ነው። አልጋ የምታነጥፈው ልጅ እጅ ቀጥ ያለ መሆኑን ያየ ሰው ግን ያገኘው ነገር አለ። እኔ ግኝት እለዋለሁ፤ አንተ ሌላ ስም ካለህ አምጣ።

«ልጄ ክራር ክራር ይላል። አባቱ ኢንጂነር ይሁን ይላል። ምን ይሻላል?» (አንዲት እናት፣ ቦሳ ኪቶ)

እትዬ፣ ሙላቱም ዌልስ የተላከው ምህንድስና እንዲማር ነበር። ይህን ለአባትየው ቀስ ብለው፣ ቡና ላይ ያንሱለት። ልጁን ቅዳሜ ይላኩልኝ። ቤት አንድ ክራር አለኝ፤ አንድ ክሩ ተበጥሷል፣ መጀመሪያ እሱን ይጠግናል።