ጀርባው ሮዝውድ ለሆነ ጊታር ተጨማሪ ብር ይከፈላል ወይ?

አትክፈል። ጀርባውና ጎኑ ሮዝውድ (ውድ የሆነ ጠንካራ እንጨት) ስለሆነ ብቻ ክላሲክ ጊታሩ ያን ያህል መወደዱ አያሳምንም። ብርህን ፊቱ ላይ፣ ማለትም ክሩ በተወጠረበት የላይኛው ገጽ ላይ አውለው።

ይህን ጥያቄ በስፔን የአልሜሪያው ጊታር ሠሪ አንቶኒዮ ዴ ቶሬስ ድሮ ፈትኖታል። ሰውዬው በአናጢነት ነው የጀመረው። በ1862 እ.ኤ.አ. ጀርባውና ጎኑ ካርቶን የሆነ፣ ፊቱ ግን ስፕሩስ ከሚባል ጥሩ እንጨት የሆነ ጊታር ሠራ (አዎ፣ ካርቶን!)። ጊታሩ ዛሬም ባርሴሎና የሙዚቃ ሙዚየም ውስጥ አለ። ነገሩ ወዲህ ነው፦ ክሩን ስትመታ ድምፁን በዋናነት የሚያወጣው የፊቱ ንዝረት ነው። ስለዚህ ቶሬስ ፊቱን ስስ አድርጎ፣ እንዳይጎብጥ ከውስጥ እንደ ማራገቢያ በተዘረጉ ቀጫጭን እንጨቶች፣ ብዙ ጊዜ በ7፣ ይደግፈው ነበር። የዛሬዎቹም ክላሲክ ጊታሮች አብዛኞቹ የሱን መንገድ ነው የሚከተሉት። ጀርባው ምንም አይጨምርም ማለቴ አይደለም፤ ግን ሁለተኛ ነው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ሻጭ "ፊቱ ሙሉ እንጨት ነው" ሲልህ ዝም ብለህ አትመን፣ ስንቱን እንዲህ ሲሸጡ አይቻለሁ። በስልክህ መብራት የድምፅ ቀዳዳውን ጠርዝ እይ። የላይኛው የእንጨት መስመር ሳይቋረጥ በጠርዙ ወደ ታች ከወረደ ሙሉ ነው። ንብርብር ካየህ ኮምፔንሳቶ ነው። ጠርዙ በቀለም ከተሸፈነ ደግሞ ዋጋውን እንደ ኮምፔንሳቶ ተደራደር።