«እርጉዝ መሆኔን ስናገር አሰናበቱኝ፤ ልክሰስ ወይስ ልተወው?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን ሳነብ የራሴን ታሪክ ሌላ ሰው የጻፈው ነው የመሰለኝ። እርጉዝ መሆንሽን ተናገርሽ፤ ወዲያው «በሥራ መቀነስ ምክንያት» የሚል የስንብት ደብዳቤ ሰጡሽ፤ አሁን ደግሞ ሰው ሁሉ «ሕጉ ወረቀት ላይ ነው፣ ልፋ ቢልሽ ነው» ይልሻል። አትስሚያቸው። ክሰሺ። እኔ ከስሼ ወደ ሥራዬ ተመልሻለሁ።

ነፍሰ ጡርን ማባረር ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ፣ እሱን አልደግመውም። እንደ እኔ የግል ድርጅት ሠራተኛ ነሽ ብዬ ነው የምጽፍልሽ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ከሆነ መንገዱ ሌላ ነው።

1. ቀን ቁጠሪ። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ ከተሰናበትሽበት ቀን ጀምሮ በ3 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፤ ጊዜው አልፏል ተብሎ አይሰማም ማለት ነው። አሠሪዎች ይህን ቀን ከእኛ በላይ ያውቁታል። እኛ ድርጅት ውስጥ ከእኔ በፊት አንዲት ልጅ እንዲሁ ሆዷ ሲገፋ ተሰናብታ ነበር። የሰው ኃይል ኃላፊው «ምን ክስ ያስፈልጋል፣ ቤተሰብ አይደለን እንዴ፣ ማኔጅመንቱ እየተወያየበት ነው» እያለ ያመላልሳታል። ስትደውል ስብሰባ ላይ ነው። ስትመጣ ዋናው ሥራ አስኪያጅ ውጭ አገር ናቸው። ሦስት ወሩ ካለፈ በኋላ «ድርጅቱ ውሳኔውን አጽንቷል» የምትል የአንድ መስመር ደብዳቤ ሰጣት። ፍርድ ቤት ስትሄድ የድርጅቱ የመጀመሪያ መቃወሚያ ይርጋ ሆነ፤ ወደ ሥራ የመመለስ ጥያቄዋ በደሏ ሳይታይ ተዘጋ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል፤ ምክንያቱም ሰውዬው ደግ መስሎ ነው መብቷን የበላው። ለድርጅቱ የምትጽፊው ቅሬታ ይርጋውን አያቆመውም። መስማማት ከፈለጉ መዝገብ ከተከፈተ በኋላም መስማማት ይችላሉ። የደመወዝና ሌሎች ክፍያዎች ጥያቄ 6 ወር አለው፤ ትልቁ ነገር ግን ያቺ 3 ወር ናት።

2. ምንም ነገር አትፈርሚ። ክሊራንስ ስትጨርሺ ከወረቀቶቹ መሀል «በገዛ ፈቃዴ ሥራ ለቅቄያለሁ» የሚል ያስገቡልሻል። ለእኔ ከሥራ ልምዱ ጋር አያይዘው ነው ያቀረቡልኝ፣ ይህን ሳትፈርሚ ያኛውን አንሰጥሽም አሉኝ። የሥራ ልምድ ማስረጃ መስጠት የአሠሪ ግዴታ ነው፣ በፊርማ የሚለወጥ ዕቃ አይደለም። ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ትቼላቸው ወጣሁ። ያን ቀን ብፈርም ኖሮ ተባረርኩ የሚል ክስ ምን ይዤ እንደማቀርብ እግዜር ነው የሚያውቀው።

3. እርግዝናሽን በክሱ ላይ በስሙ ጥሪው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ አብዛኞቻችን የምንሸወደው እዚህ ጋ ነው። መጀመሪያ ያማከርኩት ጠበቃ «የእርግዝናውን ነገር ተይው፣ ለማስረዳት ከባድ ነው፣ ዝም ብለን ሕገወጥ ስንብት እንበል፣ ካሳሽን ትወስጃለሽ» አለኝ። ለእሱ ቀላል ነው። ለእኔ ግን ቁም ነገሩ ያ ነበር። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 26 ላይ ፆታ፣ እርግዝና፣ የቤተሰብ ኃላፊነት ሁሉ ለስንብት ምክንያት መሆን እንደማይችሉ ተዘርዝሯል። አንቀጽ 43ን ስታነቢ ደግሞ ልዩነቱ ይገባሻል። ስንብቱ ከእነዚህ ምክንያቶች በአንዱ ከሆነ አሠሪው ሠራተኛዋን የመመለስ ግዴታ አለበት፤ ካሳ ይዞ መውጣት የእሷ ምርጫ ነው። በሌላ ምክንያት የተደረገ ሕገወጥ ስንብት ከሆነ ግን፣ መመለስ ብትፈልጊም እንኳ ፍርድ ቤቱ ግንኙነታቸው ተበላሽቷል ብሎ በካሳ ሊያሰናብትሽ ይችላል። እና ጠበቃው «ተይው» ያለኝ ነገር ወንበሬን የሚያስመልስልኝ እሱ ነበር! ሌላ ሰው አስጻፍኩ። ከአዋጁ ስለ ሴት ሠራተኞች የሚናገረውን አንቀጽ 87ንና አንቀጽ 26ን፣ ከሕገ መንግሥቱ ደግሞ ስለ ሴቶች መብት የሚናገረውን አንቀጽ 35ን አስገባሁ። በእርግዝናዬ ምክንያት ነው ያባረሩኝ የሚለውን ከክስ ማመልከቻዬ መጀመሪያ ላይ አስቀመጥኩት።

ለሠራተኛ የዳኝነት ክፍያ የለም፣ ይህን ማንም አይነግርሽም። ጠበቃ መያዝም ግዴታ አይደለም። አቅም ካጠረሽ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ለሴቶች ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል፤ የሕግ ትምህርት ቤት ያላቸው ዩኒቨርሲቲዎችም ማዕከላት አሏቸው።

4. ማስረጃ። «እርጉዝ መሆኗን አላወቅንም» ይላሉ፣ እርግጠኛ ሁኚ። የእኔዎቹ ብለዋል። የሐኪም ወረቀቴን ቀድሜ በማመልከቻ አስገብቼ ነበር። የመዝገብ ቤቷ ልጅ ቅጂው ላይ ማኅተም አልመታም፣ አለቃ ሳይፈቅድ አይሆንም ብላ ስትግደረደር በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት። በመጨረሻ መታችልኝ፣ ገቢ ቁጥርና ቀን ጻፈችበት። ያቺ ሰማያዊ ማኅተም ናት ችሎት ፊት «አላወቅንም»ን የገደለችው። ያንቺን በቃል ብቻ ከሆነ የነገርሻቸው የቴሌግራም መልእክት ፈልጊ። የእኔ አለቃ «አሁን ባለሽበት ሁኔታ ይህን ሥራ አትችይውም» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። አትሜ አያያዝኩት፣ ስልኩንም አልሸጥኩም።

ከዚያ ደግሞ ሌላ አመጡ። «ሥራዋ ደካማ ነበር» ብለው አይቼው የማላውቀውን የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ አያያዙ። ቀኑ የጥቅምት ነው። ማታ ቤት ቁጭ ብዬ ከራሴ ወረቀቶች ጋር ሳስተያየው፣ በኅዳር የተሰጠኝ የዓመት ፈቃድ ደብዳቤ ወጪ ቁጥሩ ከጥቅምቱ ማስጠንቀቂያ ያንሳል። ቁጥር ወደ ኋላ አይሄድም! ዳኛዋ ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ይዛ የድርጅቱን ነገረ ፈጅ «ይህን አስረዱኝ» አለችው። የሚለው አልነበረውም። ስለዚህ ከድርጅቱ የተሰጠሽን እያንዳንዷን ወረቀት፣ የማይረባ የሚመስለውን ሁሉ፣ ሰብስቢ።

ምስክር ያስለቅስሻል፣ ከአሁኑ ልንገርሽ። አብረውኝ ምሳ የሚበሉት «እኔን አታስገቢኝ» አሉ። የመሰከሩልኝ የበር ጥበቃው አባት ናቸው፤ አለቃዬ «ከወለደች በኋላ ማን ይሸከማታል» ሲል በጆሯቸው ሰምተዋል። ፈርተው እንደሆነ ጠየቅኳቸው፤ «እኔም ሴት ልጆች አሉኝ» አሉኝ። ያው አንቀጽ 26 በአሠሪ ላይ በሚቀርብ ክርክር ውስጥ የተሳተፈንም ሠራተኛ በዚያ ምክንያት ማባረር አይቻልም ይላል። ይህን ለምስክሮችሽ አንብቢላቸው።

«ሥራ ቀንሰናል» ላሉሽ ደግሞ ስንት ሰው እንደተቀነሰ ጠይቂ። በአንቀጽ 29 የሠራተኛ ቅነሳ የሚባለው ቢያንስ ከሠራተኛው 10 በመቶ ሲነካ ነው፤ ከ20 እስከ 50 ሠራተኛ ባለበት ድርጅት ደግሞ ቢያንስ 5 ሰው። አንቺን ብቻ ከሆነ ያሰናበቱት ምኑ ነው ቅነሳ?

አንድ የመንግሥት ቢሮ ሄጄ የገጠመኝንም ልናገር፣ አንቺም ይገጥምሽ ይሆናል። ሰውየው ወረቀቴን ሳይገልጠው ሆዴን አይቶ «አንቺ ልጅሽን በሰላም ውለጂ፣ ሥራ ይደርሳል» አለኝ። ደመወዝ የሚከፈለው የእኔን አቤቱታ ሊያይ ነው። ቤት ኪራዬን ማን እንደሚከፍል አልጠየቀኝም። እንዲህ ያለው ሰው ሲገጥምሽ ከእሱ ጋር አትድረቂ፤ ወደ ሥራ ክርክር ችሎቱ ሂጂ።

ሕጉ በ60 ቀን ይወሰን ይላል። የእኔ አልፏል። ቀጠሮ እየተቀጠረ ወለድኩ፤ አራስ ልጄን እህቴ ኮሪደር ላይ ይዛልኝ ነው ምስክር ያሰማሁት። ቢሆንም ተፈረደልኝ። ይግባኝ አሉ፣ ጸናብኝ ሳይሆን ጸናልኝ። የምቃወመው ነገር ግን አለ፤ ውዝፍ ደመወዝ በመጀመሪያ ደረጃ ከ6 ወር፣ በይግባኝ ሲጸና ከ1 ዓመት አይበልጥም። ክርክሩን ያጓተቱት እነሱ፣ የሚቀርብን እኛ። ይህ መስተካከል ያለበት ሕግ ነው። ስለዚህ እስኪወሰን ሌላ ገቢ ፈልጊ፣ ውዝፉን ተማምነሽ አትበደሪ።

ተመልሼ ስገባ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከባድ ነበሩ፣ ሰላም የሚለኝ ሰው ጥቂት ነበር። ግን ከእኔ ፍርድ በኋላ ከቅጥር ቃለ መጠይቁ ላይ «ለመውለድ ዕቅድ አለሽ?» የምትለዋን ጥያቄ አወጧት። ከእኔ ቀጥላ ያረገዘችው ልጅ ከመውለዷ በፊት 30፣ ከወለደች በኋላ 90 ቀኗን ከነደመወዟ ወስዳ ተመለሰች፤ ማንም ቃል አልተነፈሳትም። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅም።

አሁን አንቺ ሦስት ነገር ጻፊልኝ፤ ስንብት ደብዳቤው ላይ ያለው ቀን፣ ውልሽ ላልተወሰነ ጊዜ ነው ወይስ ለተወሰነ፣ የሐኪም ወረቀት አስገብተሽ ነበር ወይስ በቃል ነው የነገርሻቸው። «ውሉ አልቋል» ካሉሽ አትደንግጪ፤ ቋሚ የሆነን ሥራ በአጫጭር ውል እየቆራረጡ ማሠራት በራሱ ክርክር አለው። ቀኑን ግን ዛሬውኑ ንገሪኝ፣ ከ3 ወሩ ስንት እንደቀረሽ አብረን እንቁጠር።